ሳያንኳኩ የገቡ ዕለት

የፊት ለፊቱ በር ከነመቃኑ ተገንጥሎ ሲወድቅ ወይዘሮ ቨርዴል ፕሩት ቁርስ እየጠበሱ ነበር። የራስ ቁር ያጠለቁ ፖሊሶች ጠመንጃ ደግነው ገቡ።

"ፖሊስ! መሬት! መሬት ላይ ተኚ!"

ባላቸው አቶ ኦርሊን ገና አልጋ ላይ ናቸው። ያለ መስሚያ መሣሪያቸው ምንም አይሰሙም። የባትሪ ብርሃን ሲያነቃቸው እጃቸውን ወደ ኮሞዲኖው ሰደዱ።

"ጆሮው አይሰማም! መስሚያውን ነው የሚፈልገው!" ሲሉ ጮኹ ወይዘሮ ቨርዴል፣ ወለሉ ላይ እንደተደፉ።

"አትተኩሱ!" አለ ከፊት የነበረው ወጣት ፖሊስ። አፈሙዙን ዝቅ አድርጎ ጀርባውን ለአዛውንቱ፣ ደረቱን ለጓደኞቹ ሰጠ። ፖሊስ የሚፈልገው ሰው ከባልና ሚስቱ በፊት እዚያ ቤት ይኖር የነበረ ተከራይ ኖሯል።

በወሩ የከተማው ምክር ቤት ፖሊስ ሳያንኳኳ ቤት እንዲገባ የሚፈቅደው የፍርድ ቤት ማዘዣ ይቅር ወይስ አይቅር በሚለው ላይ ሕዝቡን ለስብሰባ ጠራ። ልጃቸው ጃኔል ወደ ስብሰባው መኪና እየነዳች ትነጫነጫለች።

"እማዬ፣ ያንን ፖሊስ እንዳታመሰግኚው። በሩን የሰበሩት እኮ እነሱ ናቸው!"

"አባትሽ ከኋላሽ እያንኮራፋ አይደል? ታዲያ ማንን ላመስግን?"

አዳራሹ ውስጥ ፖሊሶቹ በአንድ ወገን፣ ነዋሪው በሌላው ተቀምጧል። የፖሊስ ማኅበሩ ተወካይ፣ "አንኳኩተን ስንጠብቅ ከበሩ ኋላ ተተኩሶብን ጓደኛችንን ቀብረናል" አለ። ወይዘሮ ቨርዴል ከልባቸው አዘኑ። ከዚያ ተራቸው ደረሰ።

"ባሌን ያተረፈልኝ ብሬት ሶኮል የሚባል ልጅ ነው። እግዜር ይስጠው፤ ስሙን ሳልጠራ አልተኛም። ግን ያን ቀን ሌላ ሰው ከፊት ቢሆን ኖሮስ? የሰው ነፍስ በአንድ ልጅ ደግነት ላይ መንጠልጠል የለበትም። ማዘዣው ይቅር።"

"ምን አልሽ?" አሉ አቶ ኦርሊን ጮክ ብለው። አዳራሹ ሳቀ።

ምክር ቤቱ ማዘዣው እንዲቀር በጥቂት ድምፅ ብልጫ ወሰነ። ፖሊሶቹ ተቆጥተው ግልብጥ ብለው ወጡ። ብሬት ብቻ ባዶ ወንበሮች መሃል አንገቱን ደፍቶ ቀረ።

ወይዘሮ ቨርዴል ባላቸውን እጅጌያቸውን ይዘው መተላለፊያውን ተሻገሩ።

"እስቲ ጠጋ በልልን" አሉት።

"ወይዘሮ ፕሩት... ይቅርታ..."

"ጠጋ በል አልኩህ፤ ይሄ ሽማግሌ መቆም አይችልም።"

ጃኔል ከወዲያ ማዶ ትንሽ ቆማ አየቻቸው። ከዚያ ቦርሳዋን አነሳችና መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች።