ስልጆ የት ይበላል?

በ1978 ዓመተ ምሕረት፣ ዓቢይ ጾም በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ ባሕር ዳር ውስጥ የሐይቅ ዳር ቀበሌ ሊቀ መንበር ለነበረው ለአካሉ ስልክ ተደወለለት። ባያነሳው ኖሮ ስንቱ ነገር በቀረ! አካሉ ግን ስልክ ሲጮኽ ዝም ማለት የማይሆንለት ሰው ነውና አነሳው።

የአውራጃው አለቃ ነበሩ። «ሐሙስ ጓድ ክንዱ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ» አሉ፣ ሰላምታ ሳያስቀድሙ። «በአዳራሽህ ግማሽ ሰዓት ንግግር ያደርጋሉ። ከዚያ ስድስት ሰዓት ላይ ስልጆ መብላት ይፈልጋሉ። በከተማው ውስጥ ጥሩ ስልጆ የት እንደሚበላ አጣርተህ ትወስዳቸዋለህ።»

«ምን አሉኝ፣ ጓድ?»

«ስልጆ! ሰውዬው የእንፍራንዝ ተወላጅ ናቸው፤ አማረኝ አሉ። እንግዲህ ልብ በል፤ ለፓዌ ሰፈራ የሚዘምቱት የአርባ ካድሬዎች ስም ዝርዝር በእሳቸው ቦርሳ ውስጥ ነው። አንተ አሥራ ሰባተኛ ነህ። ደስ ካላቸው ይሰርዙሃል። ካላላቸው የወባ ክኒንህን ከወዲሁ ፈልግ።»

ስልኩ ተዘጋ። አካሉ ፓዌን በዓይኑ አላየውም፤ ወሬውን ግን ሰምቷል፣ ሙቀቱንም ወባውንም። ሚስቱ ሸጊቱ ደግሞ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች፤ የመጀመሪያ ልጃቸው ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው።

ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ዓሣ ቢሉት ኖሮ እኮ ዓይኑን ጨፍኖ ይወስዳቸው ነበር። ስልጆ ግን አይሸጥም። የባቄላው ዱቄት በሱፍ ውኃ ይበስላል፣ ሲበርድ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ጤና አዳምም ይገባበታል፣ ከዚያ ማሰሮ ውስጥ ሆኖ እየፈላ ቀናት ይቆያል። የሚበላውም በጾም፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ነው፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ማሰሮ የምትከፍት ሴት አትገኝም። ሆቴል ገብቶ «አንድ ስልጆ አምጣልኝ» ያለ ሰው ባሕር ዳር ላይ ገና አልተወለደም።

በዚያ ላይ ስልጆ ያለበት ቤት ጾመኛ ያለበት ቤት ነው፤ የፓርቲ ሰው ደግሞ አይጾምም ተብሏል። የቀበሌ ሊቀ መንበር በጾም መካከል በር እያንኳኳ «ስልጆ አላችሁ?» ቢል ማን በደግ ይተረጉምለታል?

ዋናውን ጉድ ግን የሚያውቁት ባልና ሚስቱ ብቻ ነበሩ። አንድ ማሰሮ ስልጆ በገዛ አልጋቸው ሥር ተቀምጧል። አካሉ ይጾማል! ጠዋት ጠዋት ቢሮው ድረስ የተጠበሰ እንቁላል ያስመጣል፣ አላፊ አግዳሚው እንዲያየው በሩን ይከፍታል፣ ከዚያ እንቁላሉን በጠረጴዛው ሥር ለቀበሌው ድመት ያቀብላታል። የሌላ ሰፈር ድመት በጾም ይከሳል፤ የሐይቅ ዳር ቀበሌ ድመት ግን ከመወፈሯ የተነሳ መስኮት መዝለል አቅቷት በበር ትገባ ነበር። እንግዳውን ቤቱ ቢወስዳቸው ምሥጢሩ ይወጣና ፓዌ ይላካል። ሳይበሉ ቢሄዱም ፓዌ ይላካል። የሰው ማሰሮ መፈለግ ግድ ሆነበት። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ!

መጀመሪያ የሄደው ሰናፍጭ ወደምትሸጠው ወደ ሀቢባ ሱቅ ነው።

«ሀቢባ፣ ከጾሙ ወዲህ ሰናፍጭ የገዙሽ እነማን ናቸው?»

ሀቢባ ሚዛኗን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «ጉንፋን የያዛቸው ናቸው፣ አያ አካሉ።»

«ጉንፋን?»

«መድኃኒቱ ነው አሉ። እኔ እስላም ነኝ፤ የእናንተን ጉንፋን በምን አውቀዋለሁ?»

አካሉ ባዶውን የሰናፍጭ ጆንያ አየ። «አንድ ኩንታል ሙሉ ጉንፋን?»

«ዘንድሮ ብርቱ ነው» አለችው፣ ዓይኗን ሳታሽ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ከዚያ ቤት ለቤት ዞረ። በየበሩ የሰናፍጩ ሽታ አፍንጫውን እየወጋው፣ በየበሩ ሴቶቹ «የለም» እያሉ ማሉለት። መነኩሲቷ እማሆይ ወለተ ሩፋኤልማ «ስልጆ ምንድን ነው፣ ልጄ?» ብለው ጠየቁት። ሰማንያ ዓመት ሙሉ ስልጆ ሲበሉ የኖሩ ሴት እኮ ናቸው! ለካ እሱ አንደኛውን በር ሳይጨርስ ወሬው አሥረኛው ቤት ደርሶ ኖሯል፤ የእህሉ ኮታ አልበቃ ብሎ የስልጆ ኮታ መጣ፣ ማሰሮ እየቆጠሩ ሊወስዱ ነው፣ ጾመኛውንም ሊመዘግቡ ነው እየተባለ።

ረቡዕ ማታ ተስፋ ቆርጦ ቤቱ ገባ። ይምጣ የመጣው፣ የራሴን ማሰሮ «ጎረቤት የላከልኝ ነው» ብዬ አቀርባለሁ ብሎ ቆርጦ ነበር። አልጋው ሥር ቢያጎነብስ ማሰሮው የለም።

«ሸጊቱ! ስልጆው የት አለ?»

«ሸሽጌዋለሁ። ቀበሌው ስልጆ እያደነ ነው ሲሉ አልሰማህም?»

«ከማን ነው የሸሸግሽው?»

«ከሊቀ መንበሩ ነዋ!»

«ሊቀ መንበሩ እኔ ነኝ!»

«ታዲያ ለዚህም አይደል የማልነግርህ?» አለችና ሆዷን ደግፋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ለምኗት ለምኗት አፏን አላላቀቀችም። ከሴቶቹ ጋር በማርያም ተማምላለች።

ሐሙስ ጓድ ክንዱ መጡ። ወፍራም፣ ድምፃቸው ጎርናና፣ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው ሰው ናቸው። ከመኪና ሲወርዱ የመጀመሪያ ቃላቸው «አገኘህ?» የሚል ነበር። አካሉ «እየተጣራ ነው፣ ጓድ» አለ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሦስት መቶ ሰው። ጓድ ክንዱ መድረክ ላይ፣ በሦስቱ ጢማም የሶሻሊዝም አባቶች ትልልቅ ሥዕሎች ፊት ቆመው ስለ ማዳበሪያ መናገር ጀመሩ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ፊት የተቀመጡት እንባቸውን ጠረጉ። ቀጥሎ መካከል ያሉት። ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ አፍንጫውን ይስብ ጀመር። ጓድ ክንዱ በዘመናቸው ስለ ማዳበሪያ ሲናገሩ ሰው ሲያለቅስ አይተው አያውቁም። ልባቸው ተነካ፤ እሳቸውም አለቀሱ።

በዚህ መካከል ከሥዕሉ ኋላ «ቷ!» አለ።

ጠባቂዎቹ መሬት ላይ ተነጠፉ። አካሉ ጓድ ክንዱን አቅፎ ወደቀ። «ቷ! ቷ!» ሁለት ጊዜ ተደገመ፤ የመካከለኛው ጢማም ሥዕል ከነሚስማሩ ተገንጥሎ ወደ ፊት ተደፋ። ከኋላው የተቆለለው ታየ፤ አርባ፣ ምናልባት ሃምሳ ማሰሮ፣ እያንዳንዱ በባለቤቱ ጨርቅ የታሰረ። ሽታው እንዳይወጣ ሴቶቹ አፉን በኮባ ቅጠልና በጭቃ ጥርቅም አድርገው ለጉመውታል፤ ጭቃው የተሰነጠቀው ማሰሮ ግን ሰናፍጩን ወደ ሰው ዓይን ሲያሾልክ ቆይቷል። የሚፈላ ስልጆ ደግሞ መተንፈሻ ካላገኘ ማንንም አይፈራም።

የአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ አደይ ቁልፉን በጉያዋ እንደ ያዘች ጥግ ላይ ቆማ ነበር። «ቀበሌው የሁሉንም ቤት ይፈትሻል» አለች ለማንም ሳይሆን። «የማይፈትሸው ቤት የራሱን ብቻ ነው። ምን እናድርግ ታዲያ?»

አካሉ አለቀልኝ አለ በልቡ። ጓድ ክንዱ ግን በአራት እግራቸው ድኸው ወደ ማሰሮዎቹ ተጠጉ፣ ከፈነዳው በጣታቸው ሊጠርጉ እጃቸውን ዘረጉ።

«ልጄ!» አሉ እማሆይ ወለተ ሩፋኤል ከሕዝቡ መካከል። «ገና ቅዳሴ አልወጣም።»

ጓድ ክንዱ እጃቸውን አንጠልጥለው ሰዓታቸውን አዩ። ስድስት ሰዓት ነው። እማሆይን አዩ። ከዚያ ተነሡ፣ ጉልበታቸውን አራገፉ፣ ወደ ድምፅ ማጉያው ተመለሱ።

«ጓዶች፣ ስለ ማዳበሪያ የረሳሁት ነገር አለ» አሉ።

ሦስት ሰዓት ሙሉ ተናገሩ! ስለ ፍግ፣ ስለ ኮምፖስት፣ ቡልጋርያ ውስጥ ስላዩት አንድ የጎመን ማሳ፣ ያን ጎመን ሦስት ጊዜ ደጋገሙት። ሰው አንድም አልተነሣ። ሁሉም የሚጠብቀውን ያውቃል፤ እሳቸውም እንደሚያውቅ ያውቃሉ። «እናም ጓዶች የአፈሩ ለም...» ሲሉ የጊዮርጊስ ደወል ጮኸ። ቃሉን እንኳ አልጨረሱትም፤ ከመድረኩ ወረዱ።

እንጀራው ከየት እንደ መጣ እግዜር ይወቀው። ሴቶቹ ማሰሯቸውን እየፈቱ አቀረቡ፤ ወንዶቹ በየወንበሩ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ጓድ ክንዱ ከዚህኛው ቀመሱ፣ «ጥሩ ነው» አሉ፤ ከዚያኛው ቀመሱ፣ «ሰናፍጩ አነሰ» አሉ። በአረንጓዴ ጨርቅ ከታሰረችው ማሰሮ ግን አንዴ ጎረሱና ቀጥ አሉ። ሰናፍጩ አናታቸው ድረስ ወጣ፤ ዓይናቸው ፈሰሰ።

«እናቴን ካየኋት አሥራ አንድ ዓመቴ ነው» አሉ። «ስትቀበር አልደረስሁም፤ ስብሰባ ላይ ነበርሁ። ይህ የእሷ እጅ ነው። የማን ማሰሮ ነው?»

ሸጊቱ ራሷን አቀረቀረች። አረንጓዴው ጨርቅ የአካሉ አሮጌ ሸሚዝ ነው፤ አካሉ ገና ሲያየው አውቆታል። ዝም ቢል ያልፍ ነበር። ግን ሰውዬው እንደ ልጅ ሲያለቅሱ እያየ ዝም ማለት አቃተው።

«የኔ ነው፣ ጓድ። የሠራችው ሚስቴ ናት፤ የምበላውም እኔ ነኝ። እጾማለሁ።»

ከኋላ አንዱ «እንቁላሉስ?» አለ።

«እንቁላሉን ድመቷ ናት የምትበላው።»

ሰው ሁሉ የድመቷን ውፍረት አስታወሰና በአንድነት «አሃ!» አለ።

ሲመሽ ጓድ ክንዱ አካሉን ቢሮው አስገብተው ዝርዝሩን ከቦርሳቸው አወጡ። አሥራ ሰባተኛውን ስም ሰረዙት። አካሉ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል በክንዳቸው ያዙት።

«ቆይ፣ አርባ ሰው ነው የታዘዝሁት። ሠላሳ ዘጠኝ ይዤ አልመለስም።» ብዕራቸውን ጥቂት አዟዟሩ። «ዛሬ የፓርቲ ሰው ሆኜ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ደወል ስጠብቅ ሦስት መቶ ሰው አይቶኛል። ወሬው ነገ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ስሜ እዚህ መግባቱ አይቀርም። ሌላ ሰው ከሚጽፈው እኔው ብጽፈው ይሻላል።» በአሥራ ሰባተኛው ቦታ ላይ «ክንዱ» ብለው ጻፉና አሸጉት። «በዓመት አንዴ ብቻ፣ በጾም፣ ከዚያችው ማሰሮ ላክልኝ።»

አካሉ መላኩን ለሰው አላመነም። በዓመቱ፣ ያኔ የተወለደችው ልጁ ገና ስትድኽ፣ ማሰሮውን ታቅፎ በጭነት መኪና በዳንግላና በቻግኒ በኩል ወረደ። እንዳይሄድ ያን ሁሉ የተንገበገበ ሰው በገዛ እግሩ ፓዌ ሄደ! ዘንድሮ ማሰሮው በጭቃ አልተለጎመም፤ ሸጊቱ ቅጠሉን በመርፌ በስታለታለች። ኬላ ላይ ወታደሩ «ምንድን ነው የታቀፍኸው?» ብሎ መሣሪያውን ሲያቀባብል፣ አካሉ «ስልጆ» አለው። ወታደሩ ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የት ነው የሚገኘው?» አለ። «ባሕር ዳር፣ የሐይቅ ዳር ቀበሌ አዳራሽ፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ» አለው አካሉ።

ጓድ ክንዱን ከአንዲት የሣር ጎጆ በር ላይ አገኛቸው። ያ ሁሉ ውፍረት የለም፤ ወባው አመንምኗቸዋል፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል። ማሰሮውን ተቀበሉት፣ ቅጠሉን ገለጥ አድርገው አሸተቱት፣ ፈገግ አሉ።

«ስንት ሰዓት ነው?»

«ሰባት ተኩል፣ ጓድ።»

መልሰው ከደኑት። «እዚህ ደወል የለም» አሉ። «ሰዓትህን ፍታና በርጩማው ላይ አስቀምጥልኝ። ቁጭ በል፤ እስከዚያው ስለ ማዳበሪያ ልንገርህ።»

ያንኑ የቡልጋርያ ጎመን ከመጀመሪያው ጀመሩለት። ማሰሮው እንደ ተከደነ ነበር፤ አካሉ ግን ስለ ማዳበሪያ እየሰማ አለቀሰ።