የሁለቱ ማዶ ንጉሥ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1871 ሰኔ ላይ፣ ትምህርቴን ጨርሼ ከዙሪክ ስመለስ፣ ጀርመን አንድ አገር ከሆነች ጥቂት ወራት አልፈዋል። መንደራችን ሀዘልብሩክ ግን የሰማች አትመስልም። መሀሏን የሚከፍላት ወንዝ ጉልበት አያረጥብም፤ ሆኖም ወዲህ ማዶ የእኛ መስፍን፣ ወዲያ ማዶ የእነሱ ልዑል ይገዛል። ስለ አንድነት ብዙ አንብቤ ነበር። ዙሪክ ሆነው ሲያዩት ቀላል ነው።

እህቴ ኦቲሊየ የወዲያ ማዶውን በርሜል ሠሪ ቬንደሊንን ትወዳለች። አባታችን ጎትሎብ ደግሞ «ሁለቱ ማዶ አንድ ንጉሥ እስኪያገኙ ልጄን ወንዝ አላሻግርም» ብሎ በሰው ፊት ምሏል፤ መሐላውን ከሚያፈርስ ከጣራ ቢወድቅ ይመርጣል። በርሊን ንጉሠ ነገሥት ተቀምጦ የለም ወይ ብላ ስትሞግተው፣ እኔ የምለው የተኩስ ንጉሡን ነው አላት።

በየበጋው እያንዳንዱ ማዶ ከእንጨት የተቀረጸ ወፍ ረጅም ግንድ ጫፍ ላይ ይሰቅላል። ወንዶቹ በየተራ ይተኩሳሉ፤ የመጨረሻዋን ስባሪ ያወረደ የዓመቱ ንጉሥ ሆኖ የብር ሰንሰለት ያጠልቃል። ኦቲሊየ ወዲህ እያባበለች ወዲያ እየተሳደበች ቤት ለቤት ዞራ፣ ዘንድሮ ሁለቱ ማዶ በአንድ ወፍ ላይ እንዲተኩሱ አስማማች።

በበዓሉ ቀን ወፉ ሲሰቀል ሙዚቃው ቀጥ አለ። አናጢው በአዲሱ አገር ፍቅር ሰክሮ ወፉን ጥቁር ቀብቶ፣ ዘውድ ደፍቶለታል። የንጉሠ ነገሥቱ ንስር ቁጭ! ጠመንጃውን ያነሳ የለም። የተማርኩ ነኝና ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ መተኮሱ ወንጀል ሊሆንም ላይሆንም ይችላል አልኳቸው። የባሰ ፈሩ። አውርደን ሌላ ቀለም እንቀባው ሲባል ደግሞ፣ ዘውድ የሚያወርደው ማን ነው ተባለ። ቢራው መሞቅ ጀመረ።

ኦቲሊየ አባቴ አጠገብ ሄዳ ቆመች።

«አባዬ፣ አንተ ተወው። የቬንደሊን አባት ሊተኩስ ነው።»

«ማን? ያ ዶሮ ሲታረድ ከቤት የሚሸሸው?»

«አንተ ከፈራህ ምን ያድርግ።»

«እኔ ነኝ የምፈራው? የእንጨት ወፍ ዕድሜ ልኬን ስቀጠቅጥ ኖሬ! የዚህኛው ላባ ብረት ነው?»

የቬንደሊን አባት በዚያ ሰዓት የቢራ በርሜል ከልሎት ተቀምጧል፤ እኔ ካለሁበት ይታየኛል።

አባቴ ተኮሰ። ክንፉ ወረደ። የተከተለው ስለሌለ ብቻውን ጥይት እያጎረሰ ደጋገመው፤ ዘውዱ፣ አንገቱ፣ ሌላው ክንፍ፣ በመጨረሻም እግሩ ከነጥፍሩ ረገፈ። ከዚያ ወዲህም ወዲያም ማዶ በአንድ ድምፅ ጮኸ፤ ሁለቱ ማዶ ለአንድ ሰው ሲያጨበጭቡ ያን ቀን ገና ማየቴ ነው።

ሰንሰለቱን አጠለቁለት። ደረቱን ነፍቶ ሲንጎራደድ ኦቲሊየ የቬንደሊንን እጅ ይዛ ፊቱ ቆመች።

«የሁለቱ ማዶ ንጉሥ ሆይ» አለችው፤ ቬንደሊን ባርኔጣውን አወለቀ።

አባቴ ባዶውን ግንድ አየ፤ ሕዝቡን አየ፤ ሰንሰለቱን ነካ ነካ አደረገ።

«ሠርጉ ወዲህ ማዶ ነው» አለ በመጨረሻ።

«ወዲያ ማዶ ነው እንጂ!» አለ የቬንደሊን አባት፣ ከበርሜሉ ጀርባ ብቅ ብሎ።

ድንኳን ወንዙ ላይ ይተከል የሚል ሐሳብ አቀረብኩ፤ የሰማኝ የለም። ሙሽሮቹ ቀድመው ጭፈራው ውስጥ ገብተዋል።