የሐሙሱ እርቅ

ሰዎቹን ያስጨረሳቸው ፈቃድ መጠየቃቸው ነው። ዝም ብለው ቢሰበሰቡ ምናልባት ማንም አያያቸውም ነበር። ፈቃዱን የጠየቀችላቸው ደግሞ ሱሀይላ ናት፤ ከገራዶ ማዶ ያለች የአንዲት ገጠር ቀበሌ ሥራ አስኪያጅ፣ የሃያ ሰባት ዓመት ሴት፣ ደብዳቤ አጻጻፏ የሚመሰገንላት።

በቀበሌው የሞላልኝ ቤትና የሀፊዝ ቤት በመስኖ ውሃ ተጣልተው፣ ከዚህም ከዚያም አንድ አንድ ሰው ሞቶ፣ ሁለት ዓመት ደም ተቃብተው ኖረዋል። በአገሩ ደም የሚያደርቁት አበጋር ሼህ አብዱልወሀብ ስምንት ወር ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ሲመላለሱ ቆይተው፣ በመጨረሻ ሁለቱንም ወገን ለሐሙስ ረፋድ ከሾላው ሥር ሊያስቀምጡ በቁ። ጊዜው ክፉ ነው። ሱሀይላ ወታደር ስብሰባውን አይቶ እንዳይደናገጥ ብላ ደሴ ላለው የጸጥታ ክፍል የፈቃድ መጠየቂያ ጻፈች። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ «በግምት አርባ የሚሆኑ ሰዎች» እንደሚገኙ ገለጸች። ምንም ነገር እንዳይጎድል ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረች፦ በወጉ መሠረት የሁለቱም ወገን ሰዎች ታጥቀው መጥተው መሣሪያቸውን በሽማግሌዎች ፊት ያጋድማሉ። ደብዳቤውን ለክፍሉ ኃላፊ ለስለሺ በእጇ ሰጠች፤ እጇ ላይ በሚቀረው ቅጂ፣ በቀሪው ላይ «ገቢ ሆኗል» የሚል ማኅተም አስመትታ ተመለሰች።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ከሰማይ የሞተር ድምፅ መጣ። ሃያ ሦስት ሰው ሞተ።

ቅዳሜ በሬዲዮ አጭር መግለጫ ተነበበ። በግምት አርባ በሚሆኑ ታጣቂዎች ላይ እርምጃ ተወስዷል ይላል። ሱሀይላ መግለጫውን የሰማችው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ በተከራየችው ክፍል ሆና ነው። «በግምት» የሚለውን ወዲያው አወቀችው። ከላይ ሆኖ አንድ በአንድ የሚያይ ሰው ምን ያስገምተዋል? ግምቱ የእሷ ነበር።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤው አልለቃትም። ልብስ ስታጥብ ታርመዋለች። «ታጥቀው» የሚለውን ታወጣዋለች፣ ሐሙስን ረቡዕ ታደርገዋለች፣ ሾላውን ወደ ሌላ ቀበሌ ታዛውረዋለች። ስትጨርስ ከላይ ጀምራ ታነበዋለች፤ ያው ነው። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አንገቷ ወደ ላይ ይሄዳል። ከሁሉ የባሰባት ግን ከሾላው ሥር የሞተው ሞላልኝ ነው። በዋዜማው ደውሎ፣ ትከሻውን ስለሚያመው ጠመንጃውን ቤት ትቶ ቢመጣ ምን እንደሚመስላት ጠይቋት ነበር። ወጉ መጉደል የለበትም አለችው። ሳቀና፣ እንግዲህ የተማረ ካለ ምን ይደረጋል ብሎ ዘጋ። ጥሪው ስልኳ ላይ አሁንም አለ፤ ሁለት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰከንድ። አንድ ጠዋት ባንክ ቤት ወረፋ ስትጠብቅ፣ ከፊቷ የቆመ ሰውዬ ትከሻውን ያሽ ጀመር። ዞሮ እስኪያያት ድረስ ትንፋሿን ያዘች። ሌላ ሰው ነው። ተራዋን ሳትጠብቅ ወጥታ ሄደች፤ ገንዘቧንም ሳታወጣ ቀረች።

በሦስተኛው ሳምንት ሼህ አብዱልወሀብ ቤቷ ድረስ መጡ። ሐሙስ ዕለት ምንጩ ጋ ለውዱእ ሲታጠቡ በመዘግየታቸው ነው የተረፉት፤ ስለ መትረፋቸው ግን ሰው ሲያነሣባቸው አይወዱም። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል እግሩ የተቆረጠውን ሀፊዝን ጠይቀው በሚኒባስ መምጣታቸው ነበር። ተቀምጠው ብዙ አልቆዩም። የሞላልኝ ወንድሞች ቦታውን የጠቆመው ከሀፊዝ ቤት ነው ይላሉ። የሀፊዝ ዘመዶች ደግሞ ከሞላልኝ ቤት ነው ይላሉ። እሑድ ሁለቱም ይሰበሰባሉ፤ እስከዚያ የጠቆመው ሰው ካልታወቀ የሚሆነውን እሷም ታውቀዋለች።

«ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ» አሉ ሼሁ። «ሁሉም ጦርነት የለም ይሉኛል። በእኛ ወግ ገዳይ ይመጣል፣ ገድያለሁ ይላል፣ እኔ አፌን የምከፍተው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ማንን ላምጣ? ሰማይን ጎትቼ ከሾላ ሥር ላስቀምጥ?»

ሱሀይላ ልትናገር ፈለገች። ቀሪው ቦርሳዋ ውስጥ፣ ከእጇ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር። ሰባቱ የሞላልኝ ወንድሞች ታዩዋት። ላጣራ፣ ሼህ፣ አለች። መርቀዋት ወጡ፤ ምርቃታቸው ከስድብ ባሰባት።

በማግስቱ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ ኮምቦልቻ ገባች። ስለሺ ከሐሙሱ በኋላ በዕድገት ወደዚያ ተዛውሯል። ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ገና ሲያያት የእኛ ምሁር ብሎ ወንበር ሳበላት፣ የኮምቦልቻ ሙቀት ደሴዎችን እንዴት እንደሚያቀልጥ ቀለደባት። የመጣችበትን ነገረችው። እሑድ መጥቶ በሁለቱ ቤተሰብ ፊት፣ ቦታውና ሰዓቱ የወጣው ከእሱ ቢሮ እንደሆነ ይናገር፤ ሌላ ምንም አትፈልግም።

ቀልዱ ቆመ። እሱ ደብዳቤውን ወደ ላይ ነው ያስተላለፈው፣ አላት። ላይ ያሉትም ወደ ላይ አስተላለፉ። ከሰማይ የመጣውን ማሽን የሸጠው ባህር ማዶ ያለ ትልቅ መንግሥት ነው፤ የሚያየው ሌላ፣ የሚያዘው ሌላ፣ ቁልፉን የሚጫነው ሌላ። ማን እንደተኮሰ እሱም አያውቅም፤ ጠይቆም አያውቅም።

«ጦርነት ታውጇል?» አለችው።

«ማን አወጀ? አልታወጀም።»

«ታዲያ ሰዎቹ በምን ሞቱ?»

«በእርምጃ።» እስክሪብቶውን አገላበጠ። «አብሽሪ ሱሀይላ። አንቺ የጻፍሽው ትክክል ነው፣ እኔ ያስተላለፍኩት ትክክል ነው። ስህተት ቢኖር ኖሮ የተሳሳተ ሰው ይኖር ነበር።»

ፊቱን አየችው። እየዋሸ አልነበረም፤ ያስፈራትም ይኸው ነው። እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ፊት ነው ያለው። ቀጥሎ የፈለገውን በለሰለሰ ድምፅ ተናገረ። ቀሪውን ታምጣለት። ከተማው ውስጥ ክፍት የሥራ ቦታ አለ፣ ዝውውሩን እሱ ይጨርስላታል፤ እናቷም እዚሁ ኮምቦልቻ አይደሉ?

ቦታው ጥሩ ነበር። ሱሀይላ ለአንድ አፍታ አሰበችው፤ አላሰብኩም ብትል ውሸት ነው። ከዚያ ለምን እንደመጣች ገባት። ሐረጎን የወረደችው እሷ ለሼሁ ያልደፈረችውን ሌላ ሰው እንዲናገርላት ነው። ስለሺም ወደ ላይ ሲያስተላልፍ ያደረገው ይህንኑ ነው።

ስልኳን አውጥታ እዚያው ደወለች።

«አሰላሙ አለይኩም ሼህ፣ ሱሀይላ ነኝ። ቦታውንና ሰዓቱን ጽፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ታጥቀው ይመጣሉ ያልኩትም እኔ ነኝ። ለእናንተ ብዬ ነበር። ከሁለቱ ቤት የጠቆመ የለም። እሑድ መጥቼ በፊታቸው እናገራለሁ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀትም ይዣለሁ።»

 

«ትናንት ፊትሽ ተቀምጬ ነበር» አሉ ሼሁ።

«አዎ። ፈርቼ ነው።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም እፈራለሁ።»

«ልጄ፣ ሰዎቹ ቆስለዋል። ዋስ ልሆንሽ አልችልም።»

«ዋስ አልጠየቅኩም ሼህ።»

«ብቻሽን ነሽ የምትመጪው? አብሮሽ የሚቆም የለም?»

ቀና ብላ ስለሺን አየችው። ስለሺ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች አንድ ላይ ይሰበስብ ጀመር።

«ብቻዬን ነኝ» አለች።

ስልኩን ስትዘጋ ስለሺ ብዙ ተናገረ። ማበዷን ነገራት፣ እናቷን እንድታስብ መከራት፣ ወረቀቱ የመንግሥት ንብረት መሆኑን አስታወሳት። እሑድ ከመድረሷ በፊት ደግሞ መንገድ ላይ ኬላ እንዳለ፣ ኬላው ላይም የሚታዘዙለት ሰዎች እንዳሉ፣ ማስፈራራት በማይመስል ድምፅ ጠቀሰላት። ንግግሩን እስኪጨርስ አልጠበቀችም። ቀሪው ያለበትን ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች፤ በሩንም ዘጋችው።