ዝም የሚባልበት ቦታ

እኔ ጩኸት አልወድም። ዕድሜዬን ሙሉ «ዝም በሉ!» ስል የኖርኩ አስተማሪ ነኝ፤ ጡረታ ስወጣ ጆሮዬ ያርፋል ብዬ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ታናሽ ወንድሜ አኮርዲዮኑን ተሸክሞ እኔ ቤት ገባ። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ብቻውን መኖሩ አላማረኝምና ና ያልኩት ራሴ ነኝ። መሣሪያውም አብሮ እንደሚመጣ ግን አላሰብኩበትም ነበር።

ወንድሜ የሠርግ ተጫዋች ነው። በዚህ ከተማ ከተጋቡት ግማሾቹን ያጋባው እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። «ከተፋቱትም ግማሾቹ ያንተው ናቸው» እያልኩ አበሽቀዋለሁ። «ጋሼ፣ ያቺን!» ሲሉት ያቺን ይጫወታል፣ «ትደገም!» ሲሉት ይደግማል። የራሱን ዜማ ግን አንድም ቀን ሰው ፊት ተጫውቶ አያውቅም። ሠርግ ላይ ማን ሊያዳምጠው?

መጀመሪያ ይጠፋው የነበረው ቁልፍ ነው። ቁልፍ የማይጠፋው ማን አለና ብለን ሳቅን። ከዚያ ከዳቦ ቤት ሲመለስ የገዛ በራችንን አልፎ ሄደ፤ ጎረቤት ነው እጁን ይዞ ያመጣው። ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሟ ሳትሸፋፍን ነገረችን፤ የመርሳት በሽታ ነው፣ እየባሰ ይሄዳል፣ መድኃኒቱ ቢያዘገየው እንጂ አይመልሰውም። እኔ ኮሪደሩ ላይ ተንሰቀሰቅሁ። ከእሱ ዓይን እንባ ጠብ አላለም።

ቤት ስንገባ አኮርዲዮኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ «እትዬ፣ አንድ ዜማ አለኝ» አለኝ። «የራሴ ነው። ሳይጠፋኝ በፊት አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ የሚያዳምጥ ሰው ፊት ከዳር እስከ ዳር ልጫወተው። ከዚያ በኋላ የፈለገው ይሁን።»

ምን ልበለው? ተጫወት አልኩት። አቤት፣ ምነው ባላልኩ! ዜማው ዜማ መስሎ አይጀምርም። የአኮርዲዮኑ ወናፍ ባዶውን ይተነፍሳል፤ ከዚያ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ የሚንቋረር ድምፅ ይመጣል፤ ይወጣል፣ ይወጣል፣ መሀል ላይ ሲደርስ ጭጭ ይላል። መጀመሪያ ቀን ጭጭ ሲል ተገላገልኩ ብዬ አመሰገንኩ። ሲቆይብኝ ደነገጥኩና በሩን በርግጄ «ምን ሆንክ?» አልኩት።

«እትዬ! አበላሸሽው! ይሄ እኮ ራሱ ዜማው ነው። ዝም የሚባልበት ቦታ ነው።»

«ለዝምታማ ምን አኮርዲዮን ያስፈልገዋል? እኔ በነጻ ዝም እልልሃለሁ» አልኩት። ሳቀ፤ ግን ከመጀመሪያው ጀመረው።

የሚያዳምጥ ሰው የተገኘው ከቤታችን ጀርባ ነው። እዚያ ተዘግቶ የኖረ የልብስ ማጠቢያ ድርጅት ነበር። ወጣት አርቲስቶች ተሰባስበው ተከራዩትና ጠርገው ከፈቱት። አለቃ የላቸውም፤ ዛሬ በር ላይ የቆመው ነገ ሚስማር ይመታል። ግድግዳው እስከ ጣሪያው ነጭ ሴራሚክ ስለሆነ ትንፋሽ እንኳን ያስተጋባል። ለአንድ ወር ሙሉ በየቀኑ፣ ፀሐይ ሳትገባ፣ አንድ ሙዚቀኛና አንድ ሠዓሊ አብረው ተሰምቶ የማያውቅ ነገር ይሞክራሉ ተባለ። ወንድሜ ሄዶ ተመዘገበ፣ የመዝጊያውን ቀንም ሰጡት። ስለ በሽታው ግን ትንፍሽ አላለም፣ እኔንም አፌን አስያዘኝ። «እንዲያዝኑልኝ አልፈልግም። እንዲያዳምጡኝ ነው የምፈልገው» አለ።

የድምፁን ነገር የሚመራው አንገቱ ላይ ሁልጊዜ ገመድ የሚጠመጥም ልጅ ነው፤ ሽቦ ይሉታል። የመጀመሪያው ቀን መሀል ላይ ቆሞ ደንቡን ነገረን። «እዚህ ቤት ያለን ሕግ አንድ ነው። ሥራው ከተጀመረ በኋላ የሚሆነው ሁሉ የሥራው አካል ነው። ሰው ቢያስነጥስ፣ ወንበር ቢወድቅ፣ ማንም ጣልቃ አይገባም። የሚጨርሰው የጀመረው ሰው ብቻ ነው።»

ደግ። ወንድሜን ብቻውን መልቀቅ ስለማይሆንልኝ በየቀኑ አብሬው ሄድኩ። አንዷ ቆርቆሮን በቫዮሊን ደጋን ስትሞርደው ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት። አንዱ ጠጠር በባልዲ ሲገለብጥ ዋለ፤ እሱንም ቻልኩት። አንድ ቀን ግን ከስፒከሩ ጭስ መውጣት ጀመረ። ሰው ሁሉ ወደፊት ሰገግ አለ። «እንዴት ያምራል» አለ ከጎኔ የተቀመጠ አንድ ጺማም። የምን ማማር! የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል እኮ! ብድግ ብዬ ሶኬቱን ነቀልኩት። ታዲያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? አጨበጨቡልኝ። ወንድሜ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ቤት ስንገባ፣ «የእኔ ቀን እንዲህ እንዳታደርጊኝ» አለኝ። «ባቆምም፣ ብወድቅም እንዳትነሺ። በእናታችን።»

በእናታችን ካለ አበቃ። ማልኩለት።

ቀኑ ደረሰ። ሠዓሊዋ፣ ቀጭን ረጅም ልጅ ናት፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ወረቀት ወጥራ ከሰል ይዛ ቆመች። ስምምነታቸው እንዲህ ነው፤ እሱ ሲጫወት እሷ ታሰምራለች፣ ዝም ሲል እጇ ባለበት ይቆማል። ወናፉ ተነፈሰ። እጇ ተንቀሳቀሰ። እኔም በዚያ ነጭ ቤት ውስጥ ዜማውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት ማለት እችላለሁ። ቤት ውስጥ ማጠፊያ ነው ያልኩት ድምፅ እዚህ ሰው ሆነ፤ የሚጠራ፣ መልስ የሚጠብቅ፣ መልሶ የሚጠራ። እንባዬ መጣ፤ አልጠረግሁትም። ኮራሁበት።

ከዚያ ዝም የሚባልበት ቦታ መጣ። ከሰሉ ቆመ። እኔ አልደነገጥኩም፤ ያንን ዝምታ በግድግዳ በኩል ስሰማው ከርሜ ልኩን አውቀዋለሁ። ዝምታው ያበቃል፣ ዜማው ይቀጥላል። ግን ልኩን አለፈ። ሰው ትንፋሹን ውጧል። ጺማሙ ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ ብሏል። ከትከሻዋ በላይ የተሰቀለው የሠዓሊዋ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወንድሜን አየሁት። ሲጫወት ዝም የሚል ሰው አይመስልም። አኮርዲዮኑን፣ የሰው ዕቃ አደራ ተሰጥቶት እንደተቀመጠ ሰው፣ ጭኑ ላይ ይዞት ግራ ገብቶት ይመለከተዋል።

በእናታችን ምያለሁ። ብነሣና እሱ ገና ዝምታው ውስጥ ቢሆን፣ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቃትን ያቺን «አንዴ» ገደልኳት ማለት ነው። ባልነሣስ? ያ ሁሉ ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ብቻውን ሊሰጥም ነው? «እናቴ፣ ይቅር በይኝ» አልኩና ተነሣሁ። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም፤ እኔም የሥራው አካል ነኛ! አጠገቡ ደርሼ ጎንበስ አልኩ።

«ወንድምዬ።»

«እትዬ» አለኝ በሹክሹክታ፤ «እነዚህ ሰዎች ምን እየጠበቁ ነው?»

«አንተን ነው» አልኩት።

«ሙሽሮቹ ገቡ እንዴ?»

መልሴን አልጠበቀም። ጣቶቹ ራሳቸው የሙሽራ ማስገቢያውን ያዙት፣ ያንን በየሠርጉ ሲጫወተው የኖረውን። ቤቱ በሳቅና በጭብጨባ ፈነዳ። አንዳንዱ ተነሥቶ ትከሻውን ነቀነቀ። ጺማሙ «ምን ዓይነት ድፍረት ነው! ከዚያ ዝምታ ወደዚህ!» ብሎ ጮኸ። ወንድሜም እንደ ወትሮው እጅ ነሣ። እኔ መሀላቸው እንደ ምሰሶ ተገትሬ ቀረሁ። ያን ሰዓት አንድ በአንድ ጆሮአቸውን ብቆነጥጣቸው ደስ ባለኝ። ሠዓሊዋ ብቻ አላጨበጨበችም፤ እጇን አውርዳ እሱን እሱን ታያለች።

ቤት ገብተን ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ልቡ ተመልሶለት ነበር፣ ምነው ባልተመለሰለት።

«አልጨረስኩትም አይደል፣ እትዬ?»

መዋሸት እችል ነበር፤ አንደበቴ እንቢ አለኝ። «አልጨረስከውም» አልኩት። «ግን ወደዱት።»

«የወደዱት ሌላ ነው» አለ። ሐኪም ቤት ያላለቀሰውን ያኔ አለቀሰው። አቅፌው አብሬው አለቀስኩ እንጂ ምን አደርጋለሁ?

በማግስቱ ጠዋት ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ሄድኩ። ወሩ አልቋል፤ ወንበር ይደራርባሉ፣ ገመድ ይጠቀልላሉ። ሽቦ መሰላል ላይ ሆኖ ሲያየኝ ፊቱ በራ። «እትዬ! የትናንቱ እኮ የወሩ ምርጥ ነበር! እርስዎ ሲገቡበት ደግሞ...»

«ውረድ» አልኩት፤ ክፍል ውስጥ በምናገርበት ድምፅ። ወረደ።

«ወንድሜ ታሟል። የመርሳት በሽታ ነው ያለበት። ትናንት ዜማው መሀል ላይ ጠፋበት፤ ሠርግ ቤት ያለ መሰለው። እናንተ ያጨበጨባችሁት ሰው ሲጠፋ አይታችሁ ነው።»

ገመዱ ከሽቦ እጅ ወደቀ። በመጨረሻ የተናገረችው ሠዓሊዋ ናት። «ዓይናቸውን አይቼው ነበር» አለች። «እጄን አውርጄ ወደ እሳቸው ልሄድ ስል ደንቡ ያዘኝ። ሥራቸውን የማበላሽባቸው መሰለኝ።»

ልቆጣት ነበር፤ ግን እኔንስ ያንኑ ያህል ጊዜ የያዘኝ ምን ነበር? «የመጣሁት ልወቅሳችሁ አይደለም» አልኩ። «ወንበር መልሱ። ወረቀትሽንም ወጥሪ። ዛሬ ልቡ አብሮት እያለ አመጣዋለሁ፤ አዳምጡት። ማዘናችሁን ግን እንዳያይባችሁ።»

ሄጄ አመጣሁት። መንገድ ላይ ዝም አለ፤ እኔም አልጠየቅሁትም፣ የያዛት ነገር እንዳትፈስበት ፈርቼ። ሲገባ ሠላምታም አልሰጠ፣ ቀጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ማንገቻውን ትከሻው ላይ አስገባ። በመስኮቱ የጠዋት ፀሐይ ሴራሚኩ ላይ ወድቋል። ወናፉ ተነፈሰ።

እየጠራ ወጣ፣ እየጠበቀ ወጣ። ዝም የሚባልበት ቦታ ላይ ሲደርስ ጣቶቹን አየሁ፤ በቦታቸው ናቸው። ዓይኑን ጨፍኗል። ከዚያ፣ በልኩ፣ ቀጠለ። ሁለተኛው ክፍል ወደታች የሚወርድ ነው፤ የተጠራው ሰው በመጨረሻ አቤት እያለ የሚመጣ ይመስላል። ከሰሉ አብሮት ወረደ፣ እስከ ወረቀቱ ዳር ድረስ። የመጨረሻዋን ድምፅ ይዟት ይዟት፣ ወናፉ ሲጨርስ ለቀቃት።

ማንም አላጨበጨበም። ሽቦ በእጅጌው አፍንጫውን ጠረገ። እኔ ውስጤ እልል ይላል፤ ተጫወተው! ከዳር እስከ ዳር ተጫወተው!

ወንድሜ ወናፉን ገጥሞ ማሰሪያውን ቆለፈ። ወረቀቱን አየ፣ ልጆቹን አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ላይ ጭንቀት የሚባል ነገር አልነበረም።

«ጥሩ ዜማ ነው» አለኝ። «የማን ነው?»

ልጆቹ ሁሉ እኔን አዩኝ።

«የወንድሜ ነው» አልኩት።

«ጎበዝ ነው» አለ ራሱን እየነቀነቀ። «በርታ በይልኝ።»

«እሺ» አልኩት፤ «እነግረዋለሁ።»