ሙጬ የማን ልጅ ነው

መሪጌታ ሃይለ ሚካኤል ዳዊቱን ከማኅደሩ አውጥተው ከፊቱ ያለውን፣ የቤተሰብ ነገር የተጻፈበትን ቅጠል ሲገልጡ፣ እማማ ንግሥቴ የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ላይ ይጠቀልሉ ጀመር። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ፣ ከቡሬም እስከዚህ ገጠር ሲመጡ የልጅ ልጃቸውን ትርሲትን «መስኮቱን ዝጊ፣ ቦርሳሽን እቀፊ» እያሉ ሲነዘንዟት ነበር።

ክንፈሚካኤል ትርሲትን ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ፣ ሁለቱ ቤተሰብ እንደ ወጉ ዘር ሲቆጥሩ ባላምባራስ ይርሳው ላይ ተገናኙ። ሰባት ቤት ሊሞላ አንድ ጎደለ። በዚህ ከጸና ሠርግ የለም። የባላምባራሱ ልጅ ነው የተባለው ሙጬ የእማማ ንግሥቴ ቅድመ አያት ነው፤ በየድግሱ ስሙን ሲያነሱ የኖሩትም እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

«የኛ ቤት ዳዊት ይታይ» ያሉት የክንፈሚካኤል አያት አያ ባምላኩ ነበሩ። ልደቱም ተዝካሩም የሚጻፍበት የባላምባራሱ ዳዊት ለሳቸው ወርዶ እዚሁ ቤታቸው ይገኛል። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው አያነቡትምና መሪጌታን አስጠሩ።

መሪጌታ ድምፅ ሳያሰሙ አነበቡና ዳዊቱን ወደ እማማ ንግሥቴ አዞሩት። እሳቸውም መሠረተ ትምህርት ተምረዋልና ፊደሉን በጣታቸው እየተከተሉ ለቀሙት። በክፉ ቀን፣ ከብቱ ባለቀበት ዘመን፣ እናት አባቱ የሞቱበት ሙጬ የሚባል የአገው ልጅ ከደጅ ወድቆ ተገኘ። ባላምባራስ ይርሳው ማር የቀቡትን አውራ ጣታቸውን እንደ ጡት አጠቡት፤ የጡት ልጅ አደረጉት።

የጡት ልጅ በደም ቆጠራ አይገባም። ሠርጉ ሊሆን ነው። እማማ ንግሥቴ ግን የሚከተለውን አሰቡ። ነገ ትርሲት እዚህ ቤት ስትገባ፣ በጠብ ቀን «ከደጅ የተነሣ ዘር» ቢሏትስ? የባላምባራስ ዘር ነኝ ብሎ ደረቱን የሚነፋው ወንድማቸው ይሄይስስ ምን ይላቸው ይሆን?

«ምነው ዝም አላችሁ?» አሉ አያ ባምላኩ። «ዳዊቱ ነው የደበዘዘው ወይስ እናንተም እንደኔ ታወራችሁ?»

«ጉዳዩ የሳቸው ነው» አሉ መሪጌታ ወደ እማማ ንግሥቴ እያዩ። «እታለም፣ አንብብ ካሉኝ አነባለሁ።»

ትርሲት ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች። «እምዬ፣ ክፉ ነው እንዴ?»

«ቆይ እስቲ ልጄ፣ አታዋክቢኝ።»

ከታች በሌላ እጅ የተጻፈ ነበር። እማማ ንግሥቴ ደግመው አነበቡት።

«አያ ባምላኩ፣ የባላምባራስን ተዝካር ማን አወጣ ይላሉ?»

«ልጆቻቸው ነዋ። ሌላ ማን ሊያወጣ?»

«ልጆቻቸው ዘመቻ ላይ ነበሩ ይላል። በሬውን አርዶ፣ ጠላውን ጠምቆ ያወጣው ሙጬ ነው።»

«ታዲያ ሙጬስ ልጃቸው አይደል?»

መሪጌታ ሊያነቡላቸው እጃቸውን ቢዘረጉም እማማ ንግሥቴ ዳዊቱን አልለቀቁም፤ ጭናቸው ላይ አደላድለው አስቀመጡት። ትርሲት አንገቷን ደፍታ አዩና አገጯን በጣታቸው ቀና አደረጉት።

ከዚያ ጣታቸውን ወደ ላይኛው መስመር መልሰው፣ ጮክ ብለው «እናት አባቱ የሞቱበት፣ ሙጬ የሚባል የአገው ልጅ» ብለው ማንበብ ጀመሩ።