ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ

ኔቬና እና የአጎቷ ልጅ ስትራሂንያ የቪዲዮ ጨዋታቸውን መሥራት ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። እሷ ትስላለች፣ እሱ ኮዱን ይጽፋል። ቀን ቀን የሰው ሥራ እየሠሩ፣ የተረፈቻቸውን ሰዓት ሁሉ በኡዚሴ ከተማ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ያፈስሷታል። ጨዋታው ስለ ቭርባቫ ነው። ቭርባቫ የኔቬና አያት መንደር ነበረች፤ ግድቡ ሲሠራ ሐይቅ ዋጣት። ተጫዋቹ ውኃው ሊመጣ ሲል በነበረው የመጨረሻ መኸር መንደሯ ውስጥ ይዘዋወራል፤ ከቤት ቤት እየገባ ምን ይዞ እንደሚወጣ፣ ምን ጥሎ እንደሚሄድ ይመርጣል። ተኩስ የለም፤ የሚሯሯጥ መኪና የለም።

«እንቅልፍ እምቢ ላለው ሰው መድኃኒት ነው» እያለ ስትራሂንያ ይቀልዳል።

ከሕዝብ ገንዘብ ለማሰባሰብም ሞክረው ነበር። አጭር ቪዲዮ አዘጋጅተው ኢንተርኔት ላይ ለቀቁ። ያየው ሁሉ ወደደው፣ «በርቱ» አላቸው፣ እጁን ወደ ኪሱ የሰደደው ግን ጥቂት ነበር። ቀነ ገደቡ ሲያልፍ የሚያስፈልጋቸው ስላልሞላ የተዋጣውም ለየባለቤቱ ተመለሰ። ኔቬና ያን ሰሞን ኮምፒውተሯን ለመክፈት እንኳ ልቧ አልፈቀደም።

ራዶሚር የመጣው ያን ጊዜ ነው። ሰባውን ያለፈ፣ ወገቡ ያልጎበጠ ሽማግሌ ነው፤ ሐይቁ ዳር ያሉት ትልልቅ ሆቴሎች የእሱ ናቸው። በአንድ እጁ ቤት የወጣ የፕሪም አረቄ፣ በሌላው አንድ ሳህን ስልባቦት ይዞ ደረጃውን ያለ ድጋፍ ወጣ።

«ቪዲዮውን የልጅ ልጄ አሳየችኝ» አለ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ። «እዚያ ነው የተወለድኩት። ወፍጮው የአባቴ ነበር። እናንተ ብቻ ሠርታችሁ ጨርሱ፤ ወጪውን ለእኔ ተዉት።»

«በምላሹስ ምን ይፈልጋሉ?» አለ ስትራሂንያ።

«ምንም። ዓርብ ዓርብ እየመጣሁ ልየው። አገሬ እንደነበረችው ሆና እንድትወጣ ነው የምፈልገው።»

ኔቬና እሱን ከሸኘች በኋላ በሩን ተደግፋ አለቀሰች። በማግስቱ ሁለቱም ሥራቸውን ለቀቁ።

ሽማግሌው ቃሉን ጠበቀ። መጀመሪያ ጆይስቲኩን ገልብጦ ነበር የሚይዘው፤ ስትራሂንያ ሳቁን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ይዞራል። እየቆየ ግን እጁ ተፍታታ፤ በስክሪኑ መንደር ውስጥ እንደ ቤቱ መዘዋወር ጀመረ። አንዳንዴ ይቆምና ይጠይቃል።

«ይቺ የፖም ዛፍ እዚህ እንደነበረች ማን ነገራችሁ?»

«ጋሽ ቭላስቲሚር ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ይደውሉ የነበሩት።»

«ጎሽ! ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው! አሁን የት ነው የሚኖረው?»

ኔቬና ትነግረዋለች። የቭርባቫን ሽማግሌዎች እየፈለጉ፣ የሚያስታውሱትን እያስወሩ ነበር መንደሯን የሠሯት፤ በዚያም ትኮራበታለች።

አንድ ቀን ስትራሂንያ «ልብ ብለሻል?» አላት። «‹እዚህ ጋ ተሳስታችኋል› ብሎ አያውቅም። ‹ማን ነገራችሁ› ብቻ ነው።»

«የድሮ ሰዎቹ ናፍቀውት ነዋ! አንተ ደግሞ ሁሉን ትጠረጥራለህ።»

«ታዲያ ጋሽ ቭላስቲሚር ለምንድን ነው ስልካችንን የማያነሱት?»

ኔቬና ወደ ሥዕሏ ተመለሰች።

በሚቀጥለው ዓርብ ራዶሚር በጨዋታው ውስጥ ወደ አባቱ ወፍጮ ቤት ሄደ፤ ወደ ጀርባው ዞረና ቆመ። አፉ ክፍት የሆነ የውኃ ጉድጓድ ነበር።

«እዚህ ጉድጓድ የለም።»

«እትዬ ዴሳንካ ናቸው እኮ የነገሩን» አለች ኔቬና። «ልጅ ሆነው ቤታቸው ከወፍጮው አጠገብ ነበር።»

ሽማግሌው ጆይስቲኩን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ «ዴሳንካ... የአናጢው ልጅ?» አለ። «እኔ እኮ የሞተች መስሎኝ ነበር።»

ያን ቀን አረቄውን ሳይቀምስ ሄደ።

ኔቬና ሰኞ ጠዋት እትዬ ዴሳንካ ቤት ሄደች። ሴትዮዋ የበሩን ሰንሰለት ሳያወርዱ በክፍተቱ ብቻ አዩዋት። ከኋላቸው፣ ጠረጴዛው ላይ፣ በሆቴሉ ሪባን የታሰረ ትልቅ የፍራፍሬ ቅርጫት ተቀምጧል። አንዱም ፍሬ አልተነካም።

«ተሳስቼ ነው ልጄ። ጉድጓድ አልነበረም። ሁለተኛ እንዳትመጪ።»

«እትዬ፣ ራዶሚር ምን አለዎት?»

«ምንም። በጣም ጨዋ ነው፤ እጄን ስሞ ነው የገባው።» ሊዘጉት ሲሉ እጃቸው በሩ ላይ ቀረ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ እኔ ጉድጓድ ነበር አልኩሽ እንጂ ሌላ የነገርኩሽ ነገር አለ?»

«የለም።»

«እሱ ግን ምን እንደሰማሁ ነው የጠየቀኝ።»

ከዚያ በኋላ ሰንሰለቱን ራሳቸው አወረዱት። ሳይቀመጡ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነገሯት። በዚያ መኸር የመንደሩ መምህር «አልለቅም፣ እናንተም አትልቀቁ» ብሎ ሰዉን ሲያስተባብር ድንገት ጠፋ፤ ቤልግሬድ ሄደ ተባለ። የወፍጮ ባለቤቱ ልጆች ግን በዚያው ቀን ጉድጓዱን በሳንቃና በድንጋይ ሲደፍኑት ዴሳንካ በአጥሩ ቀዳዳ አይታለች። ከሥሩ ድንጋይ በድንጋይ ሲመታ ይሰማ ነበር። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። እናቷ አፏን በእጇ ይዛ ወደ ቤት አስገባቻት። በማግስቱም ይሰማ ነበር። ከዚያ ውኃው መጣ።

ኔቬና ስትመለስ ስትራሂንያን ሥራ ላይ አገኘችው። ነገረችው። ወንበሩ ላይ እንዳለ ሳይንቀሳቀስ ሰማት።

«እናጥፋው» አለ በመጨረሻ። «ጉድጓዱን እናጥፋና ጨዋታችንን እንጨርስ። ለዚህ ስንት ዘመን ነው የለፋነው?»

«የእያንዳንዱን ሽማግሌ ቤት ለራዶሚር የጠቆምኩት እኮ እኔ ነኝ!»

«አውቀሽ ነው?»

«አሁንስ? አሁን አውቄያለሁ።»

ቀኑን ሙሉ ተጨቃጨቁ። ማምሻውን ስትራሂንያ ኮፍያውን ጣራውን እስኪነካ ወርውሮ፣ «እሺ፣ አንቺ እብድ! የጉድጓዱን ድምፅ እንዴት አድርጌ ልሥራው?» አላት።

ዓርብ ራዶሚር መጣ። ጆይስቲኩን ይዞ በቀጥታ ወደ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሄደ። ጉድጓዱ አለ። ጠጋ ሲል ክፍሉ ውስጥ ያ ድምፅ ተሰማ፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ሽማግሌው አልደነገጠም። ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ፣ የዘፈን ቅኝት እንደሚለይ ሰው።

«ፈጠነ» አለ። «እንዲህ አይፈጥንም ነበር።»

ኔቬና ከስክሪኑ ዞራ አየችው። ስትራሂንያ የኮምፒውተሩን ጠረጴዛ ጠርዝ አጥብቆ ያዘ።

ራዶሚር ጆይስቲኩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ፤ ባርኔጣውን አነሣ። «አጥፉት» አለ። በሩ ጋ ሲደርስ ወደ ኔቬና ዞሮ፣ «እናትሽ ዛሬም በወንዙ መንገድ ነው አይደል ወደ ወተት ፋብሪካው የምትሄደው? ጎበዝ ሴት ናት። መንገዱ ግን ጭር ያለ ነው» አላት።

ኔቬና እናቷን በዚያው ቀን ወደ ኖቪ ሳድ ከተማ፣ ወደ አክስቷ ቤት ላከቻት። እትዬ ዴሳንካንም ለምና አብራ አሳፈረቻቸው። ጨዋታውን እንዳለ፣ ግማሹ ቤት ጣራ ሳይኖረው፣ በነፃ ኢንተርኔት ላይ ለቀቁት። ያልሙት የነበረው ምረቃ፣ ሽያጩ፣ የራሳቸው ስቱዲዮ፣ ሁሉም በአንዲት ቁልፍ አለቀ።

ብዙ ሰው ተጫወተው። ከተጫወቱት አንዱ ሊዩቢሻ የሚባል ሰው ነበር፤ የመምህሩ የእህት ልጅ። ስለ ድምፁ ጠይቋት ኔቬና የዴሳንካን ታሪክ ስትነግረው ለፖሊስ አመለከተ፤ ፖሊስም ራዶሚርን ጠርቶ ጠየቀው፣ ቡና ጋብዞም ሸኘው። ሐይቅ ሥር ምን ይቆፈራል? ሆቴሎቹ ቱሪስት እንደሞላቸው ቀጠሉ። ስትራሂንያ ውጭ አገር፣ ሉብሊያና ከተማ ሥራ አገኘ። ኔቬና ቤልግሬድ ገብታ ለሌሎች ሰዎች ጨዋታ በርና መስኮት ትስል ጀመር።

በሁለተኛው በጋ ግድቡ ይጠገናል ተብሎ ሐይቁ እንዲጎድል ተደረገ። ሊዩቢሻ ደወለላት። «ቦታውን ካንቺ በቀር በትክክል የሚያሳየኝ ሰው የለም። መርማሪዎቹ ሊመጡ ተስማምተዋል።»

ሄደች። ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፤ ግድግዳዎች እንደ ጥርስ ብቅ ብቅ ብለዋል። መርማሪዎቹ አካፋቸውን ተሸክመው ከኋላዋ ይከተላሉ። የሠራችው መንደር ስለሆነ ዓይኗን ጨፍና ልትሄድ ትችል ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑን አልፋ፣ በወፍጮ ቤቱ ፍርስራሽ በኩል ዞረች።

ራዶሚር ቀድሟቸዋል። የሆቴሉን ተጣጣፊ ወንበር ጭቃው ላይ ዘርግቶ፣ እጆቹን በከዘራው ላይ ደራርቦ ተቀምጧል።

«የቱ ጋ ነው?» አለ ሊዩቢሻ።

ኔቬና እጇን ዘርግታ ወደ ወንበሩ አመለከተች። ሽማግሌው ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላምታ ሰጣት። ከተቀመጠበት ግን አልተነሣም።