የግራው እጅጌ

እናቴ እኔ ዘንድ መጥታ ዐይኗን ከታከመች በኋላ መጀመሪያ የጠየቀችው ክር ነው። ሐኪሙ ፋሻውን አንስቶ "እማማ፣ ስንት ጣት ይታይዎታል?" ሲላት "ጣቱን ተወውና ጥፍርህን ተቆረጥ" ብላው ነበር። በዚያው ሳምንት ጥቁር ሰማያዊ የሹራብ ክር አስገዛችኝ።

"ለማን ነው?" አልኳት፣ እያወቅሁት።

"ለቀጭኔዬ።"

ቀጭኔ ታላቅ ወንድሜ ነው። ሰፈሩ ያወጣለትን ስም እሷም ወስዳ የራሷ አድርጋዋለች። የአውቶቡስ ሾፌር ስለሆነና ሲነዳ ግራ ክርኑን መስኮቱ ላይ ስለሚያስደግፍ ሹራቡ ሁሌ እዚያው ቦታ ይበሳል። ስለዚህ ለሱ ስትሠራ ግራ ክርኑ ላይ ክሩን ትደርባለች። እኔ ደግሞ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፤ ይህን ባየሁ ቁጥር "ለኔስ? ቧንቧ ሥር የሚንፏቀቅ ልጅ የለሽም?" እላታለሁ። "አንተማ ቆዳህ ጎማ ነው" ትለኛለች። ከልጅነቴ ጀምሮ የዘለቀ ጸባችን ነው።

የምትለካው በኔ ክንድ ነው። እጅጌውን ከትከሻ ጀምራ ወደ ታች ትወርድና አንጓዬ ጋ ስትደርስ ሁለት ጣት ትጨምራለች። ወንድሜ በዚያችው በሁለት ጣት ይበልጠኛል። የቀኙን እጅጌ እኔ ቤት ሶፋው ላይ ተቀምጣ እንዲህ ጨረሰችው።

የግራው ሳይጀመር አጎቴ ደወለ። ወንድሜ አውቶቡሱን አቁሞ ምሳ ሊበላ እንደተቀመጠ ልቡ ቀጥ ብሎ ሞቷል።

"እስክትደርሱ እንዳትነግራት" አለኝ። "እዚያ ሰማይ ላይ ምን ልታደርጋት ነው? እዚህ ሁላችንም ባለንበት እኔ እነግራታለሁ።"

ለእሷ ወደ ቤቷ የምንበርበት ቀን ተቀየረ አልኳት። "ይሁን፣ ቤቴም ናፍቆኛል" አለችና ሻንጣዋን አወረደች።

ፍተሻው ላይ የነበረችው ልጅ የእንጨት መርፌዎቹን ገልብጣ ገልብጣ አየቻቸው። "በዚህ ማንን እወጋለሁ ልጄ? ብወጋ ይሄን ነው፤ ቁርስ አልበላም ብሎኛል" አለች እናቴ ወደ እኔ እየጠቆመች። ልጅቷ ስቃ አሳለፈችን።

እናቴ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። አውሮፕላኑ ተነስቶ ቀበቶ ፍቱ እንደተባለ የግራውን እጅጌ ጀመረች። እኔ ፊት ለፊቴ ባለው ስክሪን ላይ የምትንፏቀቀውን ትንሿን አውሮፕላን አያለሁ። የቀረኝ ሥራ እናቴን ሳልነግራት ማድረስ ነው፤ እሱን ብቻ አስባለሁ።

ክርኑ ጋ ስትደርስ ከቦርሳዋ ሌላ ጥቅል አውጥታ ክሩን ደረበች። ጥቂት ሠርታ ቆም አለች።

"ደረብኩ እኮ።"

"አየሁ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ ምን?"

"ለኔስ አትልም?"

"ደክሞኝ ነው እማዬ" አልኩ።

አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ከመታከሟ በፊት ቢሆን ኖሮ ጭጋግ ነበር የምታየው። አሁን ግን አንድ በአንድ አየችኝ። እኔ ዐይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።

"ስትላጭ እዚህ ጋ ትተሃል" አለችና አገጬን ለቀቀችው።

የጀመረችውን የክርን ቦታ በድርብ ክር ጨረሰች። ከዚያ መርፌዎቹን ጉልበቷ ላይ አስተኝታ ወደ ደመናው ዞረች። ምግብ መጣ፤ ክዳኑን ሳትከፍት መለሰችው። አስተናጋጇ "አልተስማማዎትም እናቴ?" ስትላት "ጠግቤ ነው፣ ተባረኪ" አለቻት። እኔን ግን "አንተ ብላ" አለችኝ። ብላ ያለችበት ድምፅ ስታመም የምሰማው ነበር። በላሁ።

ብዙ ቆይታ መርፌዎቹን አነሳች። እጇ እንደ ቅድሙ አይፈጥንም።

"ክንድህን አምጣ።"

ሰጠኋት። አንጓዬ ጋ ስትደርስ እንደለመድኩት ሁለት ጣቴን አስቀድሜ አስቀመጥኩላት። ጣቶቼን ይዛ ቀስ ብላ አነሳቻቸውና እጅጌውን አንጓዬ ላይ ዘጋችው። ቀጥላ ያለቀውን የቀኙን እጅጌ ሳበች፤ የቋጠረችውን ጫፍ ፈልጋ ፈታችና መተርተር ጀመረች። የተተረተረው ክር ጉልበቷ ላይ ይቆለላል።

"እማዬ..."

"ዝም በል፤ እየቆጠርኩ ነው።"

እየቆጠረች አልነበረም። ስትቆጥር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

ሁለቱ እጅጌዎች እኩል ሲሆኑ የቀኙንም ዘጋችው፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ሹራቡን ሰጠችኝ። "ልበሰው።"

ለበስኩት። ትከሻውን አስተካከለችልኝ። አውሮፕላኑ ዝቅ ማለት ጀምሮ ነበር።

"ማን ነው የሚነግረኝ?" አለች።

"አጎቴ።"

"ሲዘጋጅ አድሮ ይሆናል። አውቃለች እንዳትለው፤ ይንገረኝ።"

እጄን ያዘች። ጎማው መሬት እስኪነካ አልለቀቀችውም።

አጎቴ ከአክስቶቼ ጋር የቤቷ በር ላይ ቆሞ ነበር። "እህቴ፣ እንግዲህ..." ብሎ ጀመረ። ድምፁ ሁለት ጊዜ ተቆረጠበት። እሷ ክንዱን ይዛ፣ አንድም ቃል ሳታቋርጠው እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ ጮኸች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የት አስቀምጣው እንደነበር አላውቅም።

ሹራቡን አሁንም እለብሰዋለሁ። ቧንቧ ሥር ስተኛ የሚፈተገው ቀኙ ስለሆነ የቀኙ ክርን ሁለት ጊዜ ተጥፏል። ግራው እንደተሠራ ነው።